ግሸን በዓመት አንዴ፣ ጉልበት በሳምንት ሁለቴ

መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሄደ ሰው ምርኩዝ ይዘው ዳገቱን የሚወጡ አዛውንቶችን ሳያይ አይመለስም። እነዚሁ ሰዎች ከተማ ውስጥ «ስፖርት ሥሩ» ቢባሉ ይስቃሉ። የአምባሰልን ዳገት ግን ማንም ሳይገፋቸው ይወጡታል።

ለምን? ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በወጪና በጥቅም ነው የማየው። የስፖርት ድካሙ ዛሬ ነው፣ ጥቅሙ ከወራት በኋላ። ሰው ደግሞ የዛሬውን ያገንናል፣ የነገውን ያሳንሳል። ግሸን ግን ቀኑ የተቆረጠ ነው፣ አብሮ የሚሄድ ሰው አለ፣ ምክንያቱም ከድካሙ ይበልጣል። እቁብም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ብቻችንን የማንቆጥበውን ብር ሰው ስለሚጠብቀን እንጥላለን።

ችግሩ፣ ጡንቻ በዓመት አንድ ቀን አይበቃውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን ለመጠበቅ የሚረዳ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። «አሁንማ አረጀሁ» ለሚል ደግሞ መልስ አለ፦ በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ የቦስተን ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆነ አዛውንቶች ለ8 ሳምንት ክብደት ሲያነሱ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨምሯል።

ጉዳዩ የእኛም ነው። እኛ አገር ጡረታ ያለው በመንግሥት ወይም በድርጅት ተቀጥሮ የሠራ ነው። ለገበሬውና ለጉልት ነጋዴዋ ጡረታቸው ልጃቸው ነው። እናት ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር ሥራዋን ትታ የምታስታምመው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ይሄ ወጪ የትኛውም በጀት ላይ አይታይም።

ስለዚህ ምክሩ ይብቃና ቡናውን እንጠቀምበት። አቦል ሲቀዳ ከማይነቃነቅ ወንበር 5 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ፣ ቶና ላይ ግድግዳ መግፋት፣ በረካ ላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ማንሳት። ሲቀል ቁጥሩን መጨመር። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጎረቤት ቢጨመርበት ደግሞ የተሻለ ነው፤ እንደ እድር የቀረ ይቀጣ!

ዓላማውንም እናስተካክል። «ለጤናዎ ጥሩ ነው» ማንንም ከወንበር አያስነሳም። «ለመስከረሙ ግሸን እንዘጋጅ» ግን ያስነሳል። ለሙስሊም አባትና እናት ደግሞ ሰላት ላይ ሳይደገፉ መነሳት በቂ ምክንያት ነው። የእኛ ድርሻ አብረን መቁጠር ነው፣ ስልኩን አስቀምጠን።