ጨረቃን በዓመት ሁለቴ ብቻ ለምንፈልጋት



የሸዕባን 29ኛው ቀን ሲመሽ የሁላችንም ስልክ አንድ ዓይነት ነው። «ታየች እንዴ?» «ሳዑዲ ምን አለች?» «ነገ ነው ከነገ ወዲያ?» ቴሌግራሙ ይናጣል፣ ክርክሩም ቀስ በቀስ ወደ መዘላለፍ ይሄዳል። ባለፈው ረመዳን ዋዜማ እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ግሩፕ ላይ ስጽፍ ስመልስ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ አባቴ «ለመሆኑ ወጥተህ አይተሃል?» አለኝ። አላየሁም። እውነቱን ለመናገር ከቤታችን ምዕራቡ በየት በኩል እንደሆነ ራሱ አስቤው አላውቅም ነበር።

የአንድ አገር እይታ ለሌላው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ። የኔ ጉዳይ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሂላልን ለረመዳንና ለዒድ ብቻ ሳይሆን በየወሩ፣ በዓመት 12 ጊዜ፣ በዓይናችን እንፈልጋት እላለሁ።

«ስልኬ ላይ የሒጅራ ካላንደር አለ እኮ» የሚል ይኖራል። ብዙ ስልኮች ላይ የተጫነው የሳዑዲው ኡሙል ቁራ ነው። እሱ የሚሠራው በስሌት ነው፤ በ29ኛው ቀን መካ ላይ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት የጨረቃና የፀሐይ መገናኛ ቅጽበት ካለፈና ጨረቃዋ ከፀሐይ ጥቂት እንኳ ዘግይታ ከገባች፣ ማግስቱን የወሩ አንድ ይለዋል። የተወለደች ሁለትና ሦስት ሰዓት የሆናትን ጨረቃ ደግሞ ማንም በዓይኑ አያያትም። ለረመዳን፣ ለሸዋልና ለዙልሒጃ ሳዑዲ ራሷ የምስክሮችን ቃል የምትሰማው ለዚህ ነው። እንግዲህ አያመል ቢድን ለመጾም 13ን፣ 14ን፣ 15ን ከስልክህ ላይ የምትቆጥር ወንድሜ፣ በዓይን ከሚታየው አንድ ቀን ቀድመህ ልትገኝ ትችላለህ። ይህ በረመዳን ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ወር የሚያጋጥም ነው።

አፈላለጉ ከባድ አይደለም። በ29ኛው ቀን ምዕራቡ ወደማይከለልበት ቦታ ውጡ፤ የኮንዶሚኒየም ጣሪያም ይሆናል። ፀሐይዋ የገባችበትን ቦታ በአንድ ምልክት ያዙት፤ ዛፍም ይሁን ፎቅ። ከመግሪብ በኋላ ሰማዩ ትንሽ እስኪደበዝዝ ጠብቁና ከምልክታችሁ በላይ ፈልጉ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይም ጨረቃም ወደ ታች ቀጥ ብለው ነው የሚወርዱት። ስለዚህ በፖስት ካርድ ላይ እንደምትሳለው ወደ ጎን የቆመች ጨረቃ አትጠብቁ፤ የኛዋ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ትንጋለላለች። ጊዜው አጭር ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ብሩህ ነጥብ አይቼ «አላሁ አክበር!» ብዬ ጮኬ ነበር። ቬነስ ሆና ተገኘች። ከሱብሒ ስትመለሱ በምሥራቅ የምታዩዋት ቀጭን ጨረቃም አዲሷ ሳትሆን የምትሰናበተዋ አሮጌዋ ናት።

በየወሩ ያየ ሰው አንድ የታወቀ ክርክር ይቀልለታል። «ዛሬ ወፍራ ነው የወጣችው፣ የትናንት ናት፣ አንድ ቀን በላን!» የሚለውን ማለቴ ነው። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ለዑምራ የወጡ ሰዎች ጨረቃዋን አይተው የሁለት ሌሊት ናት፣ የሦስት ሌሊት ናት ተባባሉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያያችኋት በየትኛው ሌሊት ነው ብለው ጠየቁ፤ ጨረቃዋም የዚያው ያዩባት ሌሊት ናት አሏቸው። ምክንያቱ ለዓይን ግልጽ ነው። ትናንት ማታ የ12 ሰዓት ዕድሜ ኖሯት ያልታየች ጨረቃ ዛሬ ማታ 36 ሰዓት ይሞላታል። ወፍራ መውጣቷ ታዲያ ምን ይገርማል?

ግርዶሽም ቢሆን ከዚሁ ቆጠራ አይወጣም። ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ ፀሐይ ቀለበት የሆነችበት ቀን የሸዋል 29 ነበር። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ማታ 3 ሰዓት ላይ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ የተጋረደችው ደግሞ በረቢዐል አወል አጋማሽ ነው። የፀሐይ ግርዶሽ በወሩ ማለቂያ፣ የጨረቃ ግርዶሽ በወሩ መሐል እንጂ በሌላ ቀን አይሆንም። ቆጠራውን በዓይኑ የያዘ ሰው የግርዶሽ ሰላት ሲጠራ ግራ አይጋባም።

ጣሪያ ላይ ከወጣችሁ አይቀር ከዋክብቱንም እዩአቸው። በጥርና በየካቲት ምሽቶች የከተማ መብራት እንኳ የማይሸፍናት፣ ከከዋክብት ሁሉ የደመቀችው፣ በሱረቱ ነጅም ስሟ የተጠቀሰው ሺዕራ ናት። በግንቦት ወደ ደቡብ ስትዞሩ አውሮፓ ያሉ ወንድሞቻችን ከቤታቸው የማያዩትን የደቡብ መስቀል የሚባለውን ታገኛላችሁ። በመስከረም ከአናት በላይ ያለው አልታኢር፣ ፈረንጁ ዛሬም በዐረብኛ ስሙ ነው የሚጠራው። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 አካባቢ ከዋክብትን አንድ በአንድ የመዘገቡበት መጽሐፍ ለዘመናት ማጣቀሻ ሆኖ ኖሯል። እኛ ግን አልደበራን ማለት ተከታይ ማለት መሆኑን ከዩቲዩብ ነው የሰማነው።

ክረምቱ ያስቸግራል፣ አልዋሽም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ወጥቼ ደመና ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ። ያኔ 30 መሙላት ነው፤ ሱናውም ይኸው ነው። ከአሁን በኋላ ግን በየወሩ 29ኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ ጣሪያ ላይ ነኝ። የሰፈሬ ልጆች፣ ሻይ ይዛችሁ ኑ። የግቢውን በር ለጥበቃው ነግሬላችኋለሁ።