የአንድ ሰው ቴአትር ስለ ምን ይናቃል?

አንዳንድ ሰዎች አንድ ተዋናይ ብቻውን ቆሞ የሚጫወተውን ተውኔት «ይህ ወግ እንጂ ቴአትር አይደለም» እያሉ ሲያጣጥሉት እንሰማለን። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም። የቴአትር ሚዛኑ በመድረክ ላይ የቆሙት ሰዎች ቍጥር ከሆነ፣ ከተውኔት ሁሉ የሚበልጠው የገበያ ግርግር ነው ማለት ይሆናል።

ጥበቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አዝማሪ በአንድ ማሲንቆ ጌታውንም ሎሌውንም ሆኖ አዳራሽ ሲያስቅና ሲያስተክዝ ኖሯል። ወጋየሁ ንጋቱም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን በአንድ ጉሮሮ ሲያናግር አገር አድምጦታል።

በቅርቡ ዘመንም በረከት በላይነህ የደረሰውን፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተውን «እያዩ ፈንገስ»ን መመልከት ይበቃል። እያዩ እብድ ነው፤ ነገር ግን ጤነኞች ነን ባዮች የሚፈሩትን ይናገራል። ተዋናዩ ቃል ቢጠፋበት የሚያነሣለት፣ ትንፋሽ ቢያጥረው የሚተካው ባልደረባ የለውም። ደራሲውም የአንዱን ሰው ንግግር እስከ መጨረሻው ሳያሰለች ማዝለቅ አለበት። ይህ ሁሉ ድካም ወግ ከተባለ፣ ቴአትር የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

ክርክሩ ስለ ስም ብቻ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር የሚገኙት በመሐል ከተማ ነው። ከተማይቱ ግን ወደ ደቡብ ሰፍታ ቱሉ ዲምቱ ደርሳለች። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት የሆነው ይህ ሥፍራ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ ነው፤ በጋራ መኖሪያ ቤቶቹም ብዙ ቤተሰብ ሰፍሯል። ከሥራ አምሽቶ የሚመለስ ነዋሪ ስለ አንድ ተውኔት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፣ በሌሊት ታክሲ ሲጠብቅ እንዲቆም ልንፈርድበት አይገባም። ብዙ ተዋንያንን ከነመጋረጃቸውና ከነዕቃቸው ማጓጓዝ ይከብዳል፤ ለብቸኛው ተዋናይ ግን የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ አንድ ወንበርና አንድ መብራት ይበቃዋል።

«እንግዲያውስ ርካሽ ነው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። አንድ ሰው የብዙ ሰው ሥራ ከሠራ ዋጋው ሊጨምር እንጂ ሊጐድል አይገባም። ተመልካች የተዋናዩን ፊት ሲያስታውስም የደራሲው ስምና ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም።

ስለዚህ ቴአትር ቤቶችና የባህል ሹማምንት የአንድ ሰውን ተውኔት በዓመት መርሐ ግብራቸው አስገብተው፣ ተገቢውን ዋጋ ከፍለው ወደ ቱሉ ዲምቱ ይላኩት። ቴአትር ነው ወይስ ወግ የሚለውንም ዳኝነት በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ሕዝብ ይስጥ።