አሮጌ ቮልስ፣ አዲስ ዲናሞ

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የሌለው ሞልቷል፤ የቮልስ ታሪክ የሌለው ግን ያለ አይመስለኝም። አንዱ ትምህርት ቤት የተመላለሰባት ናት፣ ሌላው መንዳት የተማረባት ናት፣ ሌላው ደግሞ ዳገት ላይ ገፍቷታል። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ናፍቆት አይደለም። ስለ ዲናሞ ነው። አትሳቁ!

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። አጎቴ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ቮልስ አለችው፤ ባለ 6 ቮልት። ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በዝናብ እየሄድን ትራፊኩ ተቆለፈ። ቆመን፣ ትንሽ ሄደን፣ እንደገና ቆመን። መብራቷ እንደ ሻማ ቢጫ ሆነ፣ የዝናብ መጥረጊያው ደከመው፣ ፍሬቻው መብለጭለጩን ተወ። መንገዱ ሲለቀቅ አንድ ጃንጥላ የያዘ ልጅ ከፊታችን አቋረጠ። ያየነው አጠገባችን ከደረሰ በኋላ ነው። ፍሬኑ ያዘ፣ እግዜር ይመስገን።

«ጋሼ፣ ይቺን ዲናሞ በትልቅ እንቀይራት» አልኩት።

«አንተ ልጅ፣ የፋብሪካ ዕቃዋን አልነካም! ቮልስ ክብሯ እንዳለች ስትሆን ነው።»

እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ የምትነዳ ቮልስ ማየትና መታየት አለባት። ዲናሞዋ ይቀየር። ግን ከተቀየረ በሙሉ ይቀየር፤ ካልሆነ እንዳለች ትቅር።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ። የሷ ዲናሞ በ6 ቮልት 30 አምፔር ያወጣል፤ 180 ዋት ማለት ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች በአጭሩ ብቻ 80 ዋት ይወስዳሉ። የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ መጥረጊያና ኮይል ሲደመሩበት ብዙም አይተርፍም። ይሄ ደግሞ ሞተሩ በደንብ ሲዞር ነው። ቆማ ቀስ ብላ ስትንተከተክ የድሮው ዲናሞ የሚሰጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሁሉንም የሚከፍለው ባትሪው ነው። ይቺ መኪና ስትሠራ የከተማችን የማታ ትራፊክ አልታሰበም ነበር።

«ክብሯ እንዳለች ስትሆን ነው» ለሚሉት ጋሼዎች አንድ ነገር ላስታውስ፦ ዲናሞውን መጀመሪያ የቀየረው ራሱ ፋብሪካው ነው። ለአሜሪካ ገበያ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ቮልት አደረጋት፤ በ12 ቮልት 30 አምፔር 360 ዋት ነው፣ እጥፍ። በ1970ዎቹ ደግሞ ኦልተርኔተር ገባላት። ጋራዥ ውስጥ ይሄንንም «ዲናሞ» እንለዋለን እንጂ ሥራው ሌላ ነው፤ መኪናዋ ቆማም ቻርጅ ያደርጋል፣ 55 አምፔር ያወጣል፣ ከ650 ዋት በላይ ማለት ነው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 ምርቷ እስኪያቆም ድረስ ስትሻሻል ኖራለች። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ እኛ ጋ ስትደርስ ለምን ሐውልት ትሆናለች?

አሁን ወደ እኛ ወደ ወጣቶቹ ልዙር። ትልቅ ዲናሞ የምንፈልገው ለትልቅ ስፒከር ብቻ ከሆነ ቆም ብለን እናስብ። ኤሌክትሪኩ ከሰማይ አይወርድም፤ ሞተሩ ነው የሚከፍለው። የ1200 ሲሲዋ ሞተር ጉልበት 34 ፈረስ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። ኦልተርኔተሩ ሙሉ ጭነት ሲሸከም ደግሞ ከአንድ ፈረስ ጉልበት በላይ ይወስዳል። ለመብራት ሲሆን ይሁን፣ ይገባዋል። ሰፈር ለማስደንገጥ ግን በእንጦጦ ዳገት ላይ ታስቆጫለች።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በሌላ መኪና ዲናሞ ቢበላሽ ችግሩ የባትሪ ነው። ቮልስ ግን ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ፋን የታሰረው ከዲናሞው ዘንግ ጋር ነው። አንድ ችንጋ ሁለቱንም ያዞራል። ዲናሞውን የነካ የሞተሩን እስትንፋስ ነካ! ስለዚህ የሚያርፍበት መቀመጫ ከአካሉ ጋር መግጠም አለበት። ከፋኑ ጀርባ ያለው ሰሌዳ የኦልተርኔተሩ ይሁን፤ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር። በፋኑና በሰሌዳው መሃል 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ችንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ይግባ፤ የሚስተካከለው ደግሞ በፑሊው ሁለት ግማሾች መሃል ባሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ነው። ቀዩዋ የዲናሞ መብራት እየነዳችሁ ከበራች «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አትበሉ። ችንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማቀዝቀዣ የለም፤ ወዲያው ቁሙና ሞተሩን አጥፉ።

ከ6 ወደ 12 የምትሄዱ ከሆነ አምፖሎቹ፣ ኮይሉ፣ ሬጉላተሩ፣ የፍሬቻው ሪሌይ፣ የመጥረጊያው ሞተርና ሬዲዮው አብረው ይታያሉ። ከዲናሞ ወደ ባትሪ የሚሄደው ሽቦ ለ55 አምፔር የሚበቃ ወፍራም ይሁን። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አዲሱ ባትሪ ከፍ ያለ ከሆነና ክዳን ከሌለው፣ ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ጫፎቹን ይነካና እሳት ይነሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው ላይለቀምም ይችላል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ የባትሪውን ጫፎች፣ የፊውዞቹንና የመሬት ሽቦዎቹን ዝገት ጥረጉ። በ6 ቮልት መኪና በዝገት አንድ ቮልት ጠፋ ማለት ከስድስቱ አንዱ ሄደ ማለት ነው። አንዳንዴ የደበዘዘ መብራት መድኃኒቱ የብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ይሄዳሉ ማለት ነው። በሕይወት የሚያቆያቸው ደግሞ በጨርቅ መሸፈን ሳይሆን እየነዱ መንከባከብ ነው።

አጎቴ ሁለት ወር ከተከራከረኝ በኋላ እሺ አለ፤ በአንድ ሁኔታ። የድሮው ዲናሞ አይሸጥም፣ አይጣልም። ተጠርጎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን የሚፈልግ ቢመጣ ቮልሷ በአንድ ከሰዓት ወደ ድሮዋ ትመለሳለች። ልክ ነው፣ በዚህ እሱ በልጦኛል።

ባለፈው ማታ በዚያው መንገድ ተመለስን። ትራፊኩ ያው ነው፣ ዝናቡም ያው። መብራቷ ግን ቆመንም አልደበዘዘም። አጎቴ ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ አጠፋና መልሶ አበራው። የእናንተዋስ ስንት ቮልት ናት?