ምጣድ የቻለ ሽቦ መኪና ይችላል?

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ ክርክሩ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነበር። አንደኛው የመኪናው ዋጋ፣ ሁለተኛው ደግሞ የኃይል መሙያ ጣቢያ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ያነሳ ሰው ጥቂት ነው። መኪናው ማታ ግቢ ገብቶ ሲቆም ከየትኛው ሶኬት፣ በየትኛው ሽቦ፣ በማን እጅ በተዘረጋ መስመር ይሞላል? ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ሰው እንኳ ቀላል አይደለም። ለደብረ ማርቆስ፣ ለደጀን ወይም ለፍኖተ ሰላም ነዋሪ ግን ግዢው ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የሚወስን ነው።

መንግሥት ወደዚህ ውሳኔ የገፋው ምክንያት ይታወቃል። አገሪቱ በአንድ ዓመት ለነዳጅ ያወጣችው የውጭ ምንዛሪ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ በወቅቱ ተነግሯል። ከዚያ ቀደም ሲል በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነዋል። ያን ጊዜ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ ቀረጥ ሲጣልበት፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባው ምንም እንዳይከፍል ተወስኖ ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ በኋላ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ሽቅብ ቢወጣም፣ የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ ገዢው እርሳስና ወረቀት ይዞ መደመርና መቀነስ ጀመረ።

ጎጃም ላይ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭት መንገድ እየዘጋ ነዳጅ የማይደርስባቸውን ቀናት አብዝቷል። ማደያ ደርቆ ቤንዚን በጀሪካን ከየጓዳው ሲሸጥ ያየ ሰው፣ በገዛ ግቢው ውስጥ የሚሞላ መኪና ቢመኝ የሚፈረድበት አይደለም። ደብረ ማርቆስም ከኤሌክትሪክ የራቀች ከተማ አይደለችም። ከበለስ ተነስቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ባለ 400 ኪሎቮልት መስመር የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ መጥቷል። ስለዚህ ችግሩ ከግድቡ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ ብቻ መፈለግ የለበትም። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው እስከ መኪናው ማቆሚያ ባለችው 20 እና 30 ሜትር ሽቦ ላይም ነው።

በዚህች 20 ሜትር ላይ ገበያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለንብረቱ መኪናውን አዲስ አበባ ገዝቶ ይመጣል። ከመኪናው ጋር በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር አለ። ሰፈር ውስጥ የሚታወቅ ኤሌክትሪሽያን ይጠራል። እርሱም ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ያይና፣ ‹‹ጋሼ፣ ምጣዱን የቻለ መስመር ይህችን አይከብደውም›› ብሎ ከምጣዱ ሶኬት ላይ ገመድ ይቀጥላል። ሥራው በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ክፍያውም ከአንድ የመኪና እጥበት ብዙም አይርቅም። ባለመኪናውም በርካሽ ስለተገላገለ ደስ ይለዋል።

የኤሌክትሪሽያኑ አባባል ግማሹ እውነት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ቻርጀር ደግሞ በ10 አምፔር ቢሠራ 2.2፣ በ16 አምፔር ቢሠራ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። እስከዚህ ድረስ እኩያ ናቸው። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጣድ ነው፤ በዚያ ላይ የምትጋግር ሴት አጠገቡ ቆማለች፤ የተቃጠለ ነገር ቢሸት ትነቅለዋለች። መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ስምንትና አሥር ሰዓት ሳያቋርጥ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ይስባል። በሁለት ሰዓት ለብ የሚል ያልጠበቀ መጋጠሚያ በስምንተኛው ሰዓት ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ቤቱ የጭቃና የባሕር ዛፍ ከሆነ፣ ኮርኒሱም ማዳበሪያ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አያዳግትም።

ሽቦው የሚሞቀው ከጭነቱ እኩል እየጨመረ አይደለም። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው በአንድ ቤት ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ሽቦ የሚዘረጋው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ስለሚስብ ቢያንስ ባለ 6 የመዳብ ሽቦ፣ መስመሩ ከረዘመ ደግሞ ባለ 10 ይፈልጋል። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚነሳ፣ ማንም ሌላ ዕቃ የማይጋራው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከርም ሊኖረው ይገባል። ባልቦላ ሲዘል ‹‹አነሰ›› ተብሎ ከፍ ባለ የሚቀየርበት ልማድ እዚህ ላይ ነው አደገኛ የሚሆነው። ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ማሳደግ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን እንደ መክፈት ይቆጠራል።

ይሁንና ሁሉም ባለመኪና ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ የሚናገር ሻጭ ብዙም አይገኝም፤ ሻጭ ነውና። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ የሚመላለስ ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ብዙ ነዳ ይባላል። አነስተኛ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለምትፈጅ፣ የዕለት ፍጆታው 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ በ10 አምፔር በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሞላል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን በትክክል የተዘረጋ የራሱ መስመርና ጥሩ ሶኬት ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ለሚመለሰው ነጋዴ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 300 ኪሎ ሜትሩ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል፤ ዓባይ በረሃም አለ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከወንዙ ድልድይ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ያለውን ዳገት ለመውጣት ከተለመደው ፍጆታ በተጨማሪ ከ6 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። ቁልቁለቱ ከዚህ ከፊሉን ቢመልስም ሁሉንም አይመልስም። ይህ ሰው ባዶ ባትሪ ይዞ ቤቱ ቢገባ በ10 አምፔር አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቃል፤ በ7 ኪሎዋት ግን ማታ ሰክቶ ጠዋት ይነሳል።

ትክክለኛው ባለሙያ እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሽቦ አይደለም፤ ‹‹በቀን ምን ያህል ይነዳሉ?›› ብሎ ነው።

ከሽቦው ይልቅ የሚረሳው የመሬት መስመር ነው። ቻርጀሮች መሬት ካላገኙ አልሠራም ብለው ቀይ መብራት ያበራሉ። ብዙ አሮጌ ቤቶች ደግሞ የመሬት መስመር የላቸውም፤ ሶኬቱ ላይ ቦታው ቢኖርም ከኋላው ሽቦ የለም። በዚህ ጊዜ ‹‹መላ›› የሚባለው ተንኮል ይመጣል፦ የመሬቱን መግቢያ ከኒውትራሉ ጋር ማገናኘት። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ መኪናው ይሞላል፤ ባለቤቱም ያመሰግናል። ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል አንድ ቀን ቢበጠስ ግን የመኪናው ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ዝናብ ውስጥ በባዶ እግሩ ቆሞ በሩን የሚከፍት ልጅ ነው ዋጋውን የሚከፍለው።

መሬት ውስጥ የሚቀበረው የመዳብ ዘንግ ራሱ የአካባቢውን አፈር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የጎጃም ዋልካ ክረምት ላይ እርጥብ ስለሆነ ኤሌክትሪክ በደንብ ይቀበላል። በጋ ሲገባ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይላቀቃል። በነሐሴ ተለክቶ ‹‹ጥሩ ነው›› የተባለ ዘንግ በመጋቢት ከንቱ ሊሆን ይችላል። ልኬቱ በደረቁ ወቅት ቢደረግ፣ ዘንጉም ጠለቅ ብሎ ቢቀበር ወይም ሁለት ቢሆን የሚያስከፍለው ትንሽ ነው። የደጋው ክረምት መብረቁም የሚታወቅ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ከሚያወጣው ባትሪ ፊት መብረቅ መከላከያ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚታወቅ ከሆነ ገበያው ለምን አያስተካክለውም? መልሱ ሥራው ግድግዳ ውስጥ መቀበሩ ላይ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርገው እንዳሳዩት፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚከፍለው አማካዩን ዋጋ ነው፤ በዚያ ዋጋ ጥሩው ከገበያ ይወጣል። በደብረ ማርቆስ የሆነው ይኸው ነው። ባለ 6 ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ ፍሳሽ ሲኖር የሚያቋርጥ መከላከያና የተለካ መሬት ዘንግ ይዞ የሚመጣ ኤሌክትሪሽያን ዋጋው ከጎረቤቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ደንበኛው ግን ሁለቱንም ሥራዎች በዓይኑ ሲያያቸው አንድ ናቸው፦ ሶኬት አለ፣ መብራት በርቷል። ያን ጊዜ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ወይ ዋጋውን ከጥራቱ ጋር ያወርዳል፣ ወይ አዲስ አበባ ይገባል።

ሌላው ጉዳይ የጎረቤት ነው። አንድ ሰፈር በአንድ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አምስት ሰዎች ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቢሰኩ፣ ከትራንስፎርመሩ አቅም ሲሶው ያለቀው ለመኪና ነው። ያ ሰዓት ደግሞ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ወጥ የሚሠራበት፣ ልጆች የሚያጠኑበት ነው። መኪና የሌለው ጎረቤት አምፖሉ ሲደበዝዝና ማቀዝቀዣው ሲቃጠል የሌላውን ሰው ወጪ እየከፈለ ነው። ቻርጀሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲጀምር በሰዓት ማስተካከል ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ኤሌክትሪሽያን ግን ጥቂት ነው፤ ለደንበኛውም ማትጊያ የለውም፤ የቤት ታሪፍ የሚሰላው በፍጆታው መጠን እንጂ በሰዓቱ አይደለምና። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ሲወሰን የሌሊት ቅናሽ አብሮ ቢታሰብ ኖሮ የትራንስፎርመር ወጪ በቀነሰ ነበር። አሁንም ቢሆን አልመሸም።

መፍትሔው አዲስ ፈቃድ፣ አዲስ ማኅተምና አዲስ ወረፋ መፍጠር ነው የሚሉ አሉ። ይህ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ሐሳብ ነው። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎችና ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ የመስጠት ሥልጣን ከወዲሁ አለው። የጎደለው ሌላ ወረቀት አይደለም፤ ወረቀቱን የሚጠይቅ ሰው ነው። ባለመኪናው አይጠይቅም፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም ኃላፊነቱ ቆጣሪው ላይ ያበቃል።

ሊጠይቁ የሚችሉት ገንዘባቸው አደጋ ላይ ያለ ወገኖች ናቸው። መኪናውን በብድር የገዛ ሰው መኪናውን ለባንክ አስይዟል፤ መድን ሰጪውም የእሳት አደጋ ሽፋን ሰጥቷል። ሁለቱም ውል ሲፈራረሙ ‹‹መኪናው ሌሊት ከየት ነው የሚሞላው? መስመሩን የዘረጋው ማን ነው? የመሬቱ ልኬት ስንት ነው?›› ብለው አንድ ገጽ ማረጋገጫ ቢጠይቁ፣ የሠለጠነው ኤሌክትሪሽያን በማግሥቱ ገበያ ያገኛል። ለመስመሩ በትክክል የከፈለ ሰው የመድን አረቦኑ በጥቂቱ ቢቀንስለት ደግሞ ወጪው ከፊሉ ተመለሰለት ማለት ነው።

አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። መኪናው አዲስ አበባ ሲሸጥ የቤት መስመር ዝርጋታው ለገዢው ከተተወ፣ ገዢው ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ብቻውን ነው። አብዛኛው የቻይና መኪና የሚጠቀመው የቻይናውን ጂቢ ቲ መሰኪያ ሲሆን ከአውሮፓ የመጣው ታይፕ ቱ ነው። የተሳሳተ ቻርጀር ገዝቶ አስማሚ ፍለጋ ዓባይን ዳግም የሚሻገር ሰው ሊኖር አይገባም። የዝርጋታው ዋጋ፣ የሽቦው ውፍረትና የቻርጀሩ ዓይነት ከሽያጭ ውሉ ጋር በጽሑፍ ቢቀርብ ሻጩን የሚጎዳው ነገር የለም።

ኢትዮ ቴሌኮም በየካቲት 2017 በአዲስ አበባ ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ ሲከፍት ጉዳዩ ተፈታ ያሉ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ላይ ያለው ባለመኪና ግን ለጊዜው ጣቢያው ግቢው ነው። የከተማዋ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ኤሌክትሪሽያን ያሠለጥናሉ፤ ዩኒቨርሲቲም አለ። ቤት ሲሠሩ የኖሩትን የሰፈር ባለሙያዎች ለሁለት ሳምንት ጠርቶ የሽቦ ስሌቱን፣ የመሬት ልኬቱንና የሰዓት ማስተካከያውን ማሳየት ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የመሬት መለኪያ መሣሪያው ውድ ከሆነም ለእያንዳንዱ መግዛት አያስፈልግም፤ አንዱን ለአሥር ሰው በኪራይ ማዋል ይቻላል፤ መጀመሪያ የሚለካበት ወር ግን መጋቢት ይሁን።