ሁለት በር ለየትኛው መንገድ?

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጎንደር ላይ ሰርግ ይደራረባል፤ ሰርግ ሲደራረብ ደግሞ የመኪና ደላላ ስልኩ አያርፍም። ፒያሳ ቡና ላይ የሚነሳው ልዋጭ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ወጣቱ ነጋዴ ዓመታት የለፋባት ኮሮላ አለችው፤ ሞተሯ ወርዶ ተሠርቷል፣ ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ ብላለች፣ ቸርኬዋ ተቀይሯል፣ ማርሚታዋ ከአራዳ ቢነሳ አውቶፓርኮ ይሰማል። ደላላው ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለ ሁለት በር መርሰዲስ ያሳየውና «ኮሮላህን ስጠኝ፣ ከላይ ትንሽ ጣል አድርግበት» ይለዋል። ያቺ «ትንሽ» አንድ ሱቅ ከነዕቃው ትገዛለች።

ለመሆኑ የት ልትነዳው ነው? በወለቃ በኩል ወጥተህ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈህ ደባርቅ እስክትደርስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየጠረበ ያዞረው መንገድ። የመርሰዲሱ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። ከተማ ውስጥስ ቢሆን፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር ስትታጠፍ ኮብልስቶኑና ጉብታው፣ ክዳኑ የተነሳው ቱቦ ጭምር ይጠብቅህ የለም? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ከከተማ ለመውጣት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መኪናው ሳይሆን መንገዱ ክፍት ስለ መሆኑ ነው። እንግዲህ አምራቹ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ላይ ልጓም ያበጀለትን መኪና የምትገዛው አዘዞ ደርሰህ ለመመለስ፣ ያውም ከባጃጅ ኋላ ተሰልፈህ ለመመለስ ነው?

ሰው ጮክ ብሎ የማይናገረው ሌላ ጉዳይ አለ። ለገንዘብ ሲባል ሰው በሚታገትበት ዘመን፣ በከተማው ከአንድ እጅ ጣት የማይበልጥ ዓይነት መኪና ይዞ መዞር ምን ማለት ነው? ኮሮላህ ብትጮህም ከስንቱ ኮሮላ መሃል ናት። መርሰዲሱ ግን የት እንደዋልክ፣ የት እንዳመሸህ፣ ከየትኛው ግቢ እንደወጣህ ለማያውቅህ ሁሉ ይናገራል። ዘመድ ይህን አስቦ ቢጠይቅህ ቅናት ነው ልትለው ነው?

እናትህንስ የት ታስቀምጣቸዋለህ? እኔ እንኳ ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ዳባት ተዝካር ሲኖር፣ ወይ ለቅሶ ተሰምቶ ሌሊት ስትነሱ፣ እናት አለች፣ አክስት አለች፣ የጎረቤት አዛውንት «እግረ መንገድህን» ይሉሃል። ባለ ሁለት በር መኪና የኋላ መቀመጫ ለመግባት ጋቢናውን አጥፈህ፣ ነጠላቸውን ሰብስበህ፣ ወገባቸውን ጎንበስ አስደርገህ ነው። ጋቢና ይቀመጡ ካልክ ባለቤትህ ከነሕፃኑ ኋላ ትሾልካለች። አንተ ወደ ሰው ቤት ስትሄድ ብቻህን የሄድክበት ቀን የትኛው ነው?

«ለሰርግ አከራየዋለሁ፤ ራሱን ይከፍላል» የምትል ከሆነም ሒሳቡን እንሥራ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ስንት ቅዳሜና እሑድ አለ? ከፋሲካ እስከ ሰኔ ጾምስ? ሰርግ በጾም አይደገስም። በዚያችም ጊዜ ቢሆን ሙሽራዋ ከነቀሚሷ ጋቢና ከተቀመጠች ሚዜዎቹ በየት በኩል ሊገቡ ነው?

«ጉልበት አለው» ትለኛለህ። ይህኛው ክርክር ከሌላው ይሻላል፤ ቆም ብለን እንየው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2,850 ይጠጋል። የአየሩ ግፊት ከምጽዋ ጋር ሲነጻጸር ጎንደር ላይ ሩብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይጎድላል፤ ደባርቅ ላይ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይቀርባል። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ነው። ስለዚህ ምጽዋ ላይ 130 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ 100 ገደማ ይቀረዋል። ታዲያ ፊልትሮና ማርሚታ ቀይሬ ጨመርኩት የምትለው ጉልበት፣ ተራራው ከወሰደብህ 30 ፈረስ ስንቱን መለሰልህ?

በዚህ በኩል ለመርሰዲሱ ልመስክርለት። ቱርቦ ካለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አያዳክመውም፤ ኮሶዬ ዳገት ላይ ኮሮላህን ትቶ ይሄዳል። ግን ምን ጠጥቶ? እንዲህ ያሉ የጀርመን መኪኖች አብዛኞቹ የቤንዚን ክዳናቸው ላይ ቢያንስ 95 ኦክቴን ይጠይቃሉ። እኛ ማደያ ላይ የትኛውን ቤንዚን ይቅዳልህ ተብለን እናውቃለን? ያለው አንድ ዓይነት ነው። ቱርቦ ለሌለው ሞተር ከፍታው ራሱ የኦክቴን ፍላጎቱን ያቀልለታል፤ ባለ ቱርቦው ግን የጎደለውን ግፊት መልሶ ስለሚሞላ ከዚህ ቅናሽ ብዙም አይደርሰውም። ቤንዚኑ ሲያንሰው ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ኮምፒውተሩም ይህን ሲሰማ ማቀጣጠያውን አዘግይቶ ጉልበቱን ይቀንሳል። የገዛኸውን ጉልበት መኪናው ራሱ ይደብቅብሃል ማለት ነው። ማደያው ደርቆ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ስትቀዳለትስ? ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል።

ሲበላሽ ደግሞ ማን ሊነካው ነው? የኮሮላ ፍሬን ሸራና ፊልትሮ፣ ካንዴላም ቢሆን፣ ጎንደር ቀርቶ ዳባትም ብትፈልግ ታገኝ ይሆናል። የመርሰዲሱ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ብትበራ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው መፍቻ ሳይሆን መመርመሪያ ኮምፒውተር ነው፤ ከዚያ ዕቃው፤ ከዚያ ዕቃውን የሚያውቅ እጅ። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በሎቤድ ጭኖ መላክ ነው ሐሳብህ? ከእነዚህ መኪኖች ስንቶቹ ስኮርት ጎማ እንኳ የላቸውም፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጎማው ቢቀደድ የትኛው ጎሚስታ ነው ያንን ስስ ጎማ የሚያገኝልህ?

ዋጋው ላይ ደግሞ ደላላው የሚዘለው ታሪክ አለ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ትልልቅ ሞተርና አሮጌ መኪና ላይ ከብዶ ነበር። እናም ይህ መርሰዲስ የተወደደው ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ ሌላ ስለማይመጣ? ሌላ ስለማይመጣ የተወደደ መኪና መለዋወጫውስ ሊረክስ ነው? (የኤሌክትሪኩ መኪና አየር ስለማይፈልግ ዳገቱ አይበግረውም፤ ቁልቁለት ላይ እንዲያውም ባትሪውን ይሞላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር እንዴት ይሆናል የሚለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ሊብሬው በማን ስም ነው? ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ከሆነ ቀረጡን ሳትከፍል በስምህ አይዞርም። «ለጊዜው በውክልና ያዘው» ከተባልክ፣ ጊዜው እስከ መቼ ነው? ኮሮላህን አስረክበህ፣ ጭማሪውን ከፍለህ፣ በእጅህ የቀረው የሰው ንብረት የመንዳት ፈቃድ ብቻ እንዳይሆን።

ይህን ሁሉ ስል ኮሮላዋን ነጻ እያወጣኋት አይደለም። እሷስ ለማን ነው እንዲህ የተሠራችው? ሞላዋን ያስቆረጥከው ጥምዝ ላይ መሬት እንድትይዝ ነው ወይስ ፒያሳ ላይ ቁመቷ እንዲያምር? የተቆረጠ ሞላ መጫወቻ ቦታ የለውም፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ምቱ ወደ አሞርዛቶሪውና ወደ ቦዲው ይሄዳል። ሊማሊሞን ከነቤተሰብህ ስትወርድ ጎማው ከመሬት እየተነሳ ፍሬን ቢያጥር ማን ይጠየቃል? ድምፁስ ቢሆን፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ጋዝ ስትሰጣት ከታካሚው ማን አመሰገነህ? ይህች ከተማ ፈረስ መውደድን ነውር ብላ አታውቅም፤ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ትንሽ ባለ ጉልላት ሕንፃ የዞብል፣ የንጉሡ ፈረስ፣ መቃብር ናት ይባላል። ግን የዞብልን እግር እንዲያምር ብሎ ያሳጠረ ባልደራስ ነበር?

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካልከኝ ኮሮላዋን እመርጣለሁ፤ እንዳለች ግን አይደለም። ለጭማሪው ካዘጋጀኸው ገንዘብ ቅንጣቷን ወስደህ ሞላዋን በልኳ መልስ፣ አሞርዛቶሪውን አዲስ አድርግ፣ ለፍሬኑ ደህና ሸራ ግዛ፣ የድሮ ማርሚታዋን መካኒኩ ካልሸጠው አስገጥም። የቀረው ገንዘብ ሱቁ ውስጥ ይሥራ። «ጓደኞቼ ምን ይሉኛል» ከሆነ የቀረው ጥያቄ፣ እነሱ ለቦሎ ስንት ሊያዋጡልህ ነው?

ልዋጩን ግድ የምትፈጽም ከሆነ ግን ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ደላላውን ይህን ብቻ ጠይቀው። ያ መርሰዲስ አስፋልቱ የተሻለ፣ ጋራዡ የበዛ፣ ሀብታሙ የሚበረክት አዲስ አበባ እያለ ገዢ ፍለጋ ጎንደር ድረስ ለምን መጣ? ደላላውስ ያን የመሰለ መኪና ይዞ ሳለ፣ የተቆረጠችውን የአንተን ኮሮላ ዛሬውኑ ካልወሰድኩ የሚለው ለምንድን ነው?