«ይደብራል» ብቻውን አስተያየት አይደለም

እኔ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ዛሬ ስለ አንድ ቃል ያለኝን ሐሳብ ላካፍላችሁ ነው። ቃሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ ራሱ ትሉት ይሆናል። ቃሉ «ይደብራል» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ክበባችን በእረፍት ሰዓት ስለምናቀርበው ፕሮግራም አስተያየት እንድትጽፉልን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የካርቶን ሳጥን አስቀምጦ ነበር። ሳጥኑን የከፈትነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነን። ብዙ ወረቀት ስለገባ በጣም ደስ ብሎን ነበር። አንዱን ስንገልጥ «ይደብራል» ይላል። ሌላው «ደባሪ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያው ነው፣ ኖርማል» ይላል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ ነበር። ዜና የምታነበው ጓደኛችን ወረቀቶቹን አየችና «እኔ ነኝ እንዴ የደበርኳቸው?» አለችን። ምን ብለን እንመልስላት? ወረቀቱ ማን ወይም ምን እንደደበረ አይናገርም። በሚቀጥለው ሳምንት «አላነብም» ብላ ቀረች።

አንድ ወረቀት ብቻ የተለየ ነበር። «ስፒከሩ ወደ ሜዳው ስለዞረ ከሕንፃው ጀርባ ላለነው አይሰማንም» ይላል። በማግስቱ ስፒከሩን አዞርነው። የጻፈው ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እናመሰግናለን።

አንዳንድ ልጆች «ቃል እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ይላሉ። እኔም ሁሉም ነገር ደስ ይበላችሁ እያልኩ አይደለም። የማያስደስት ነገር አለ። ግን አማርኛችን ለእሱም ብዙ ቃል አለው። እናቴ ወጥ ስትቀምስ «ይደብራል» ስትል ሰምቼ አላውቅም። «ጨው ያንሰዋል» ወይም «ውሃ ውሃ ይላል» ነው የምትለው። ስለዚህ ጨው ትጨምራለች፣ ወይም ትንሽ እንዲንተከተክ ትተወዋለች። ሻይ ሲቀዘቅዝ «ለብ ብሏል» እንላለን። ሳይታሰብበት የተሠራ የቤት ሥራ «እንደነገሩ የተሠራ» ይባላል። ደጋግመን የሰማነው ቀልድ «የተለመደ» ነው፤ ረጅም ሆኖ የሚያደክም ንግግር ደግሞ «አሰልቺ» ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ አይደሉም።

ደግሞ ያልደመቀ ነገር ሁሉ መጥፎ አይደለም። አያቴ ልብሷን «የክት» እና «የዘወትር» ብላ ትለያለች። የክቱ በዓል እስኪመጣ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ውሃ የምትቀዳው፣ ገበያ የምትሄደው፣ እኛን የምታቅፈው በዘወትሩ ነው። የማይስብ ሰውን «አልጫ» ይሉታል፤ ትንሹ ወንድሜ ግን በርበሬ ስለማይችል ከሁሉም ወጥ አልጫ ይበልጥበታል።

አሁን ስለራሴ ልናገር። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ ወላጆቻችን ሥራ ጻፉ ተብለን ነበር። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። እኔ ግን የጓደኞቼን ሳይ አፈርኩና «እናቴ የምትሠራው ተራ ሥራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ደብተሬን አየችው። «ተራ ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?» አለችኝ። «ያው… የተለመደ ማለት ነው» አልኳት። ሳቀችና «እሺ፣ ነገ ተራ እንጀራ ቋጥሬልሽ ትሄጃለሽ» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከእሷ ጋር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳሁ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። እሷ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞረች ታፈሳለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ዓይኑ ያልወጣውን እንጀራ ለብቻ ታስቀምጣለች። «ይሄ ለደንበኛ አይሆንም፣ ለቤት ነው» አለችኝ። ስንት ጊዜ እንደበላሁት አስታወስኩ፤ ለምን ለቤት እንደሚቀር ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤ ያየሁትን ጻፍኩ። ከአንድ መስመር ወደ አንድ ገጽ ሆነ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። «ይደብራል» ማለት ከፈለጋችሁ በሉ፤ ግን «ምክንያቱም» የሚለውን ጨምሩበት። ምክንያቱን ስትፈልጉ ትክክለኛው ቃል ራሱ ይመጣል። ምክንያት ካጣችሁለት ደግሞ ምናልባት ነገሩን ገና በደንብ አላያችሁትም ማለት ነው፤ እኔ የእናቴን ሥራ እንዳላየሁት።

ሳጥኑ አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አለ። ስለዚህ ጽሑፍም መጻፍ ትችላላችሁ። ዜና አንባቢያችንም «ምክንያት ከጻፉልኝ እመለሳለሁ» ብላለች።



ከ7ኛ «ለ» ክፍል