«የወተት ጥርስ ነው፤ ይነቀል» ከማለታችን በፊት

ሰሞኑን የሰባት ዓመቱን የእህቴን ልጅ ይዘን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር። መንጋጋው ተቦርቡሮ ሌሊቱን ጉንጩን ይዞ ሲያለቅስ ነው ያደረው። እናቴ «የወተት ጥርስ ነው፤ ነቅላችሁ ገላግሉት፣ ሌላ ይበቅልለታል» አለች። ሐኪሟ የልጁን አፍ አይታ «እማማ፣ ይህ ከተነቀለ ሌላ አይበቅልም» አለቻት። ሁላችንም ዝም አልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች 6 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ያበቅላሉ። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ብቅ ስለሚል ብዙ ወላጅ ልብ አይለውም። ለመለየት ከፊት፣ ከመሃል ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ስድስተኛው ቋሚ ጥርስ ነው።

ታዲያ የተበላ ጥርስ ሁሉ ይነቀላል? የለም፤ ሕክምናው እንደ ጉዳቱ ነው። ገና ነጭ ምልክት ብቻ ካለ ፍሎራይድ ተቀብቶ፣ ጣፋጭ ተቀንሶ ጉዳቱ ሊቆም ይችላል። ቀዳዳ ካበጀ የበሰበሰው ተጠርጎ ይሞላል። ጉዳቱ ነርቭ ጋ ከደረሰ የታመመው የነርቭ ክፍል ይወጣና ጥርሱ ተሞልቶ፣ ካስፈለገም ሽፋን ይደረግለታል። መንቀል የሚመጣው ጥርሱ የማይተርፍ ሲሆን ነው።

የወተት መንጋጋም ቢሆን ዝም ብሎ አይነቀልም። እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ለሚተካው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል። ቀድሞ ከወጣ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ተተኪውም ተጣሞ ሊበቅል ይችላል።

ቅርንፉድም ሆነ ማስታገሻ ለጊዜው ያስተኛ ይሆናል እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም። ሕመሙ በራሱ ጠፋ ማለትም ዳነ ማለት አይደለም፤ ነርቩ ሞቶ መግል እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ፊቱ ካበጠ፣ ካተኮሰው ወይም መዋጥ ካቃተው ነገ አይበሉ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

የእህቴ ልጅ ጥርሱ ተርፎለታል። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ የልጅ ልጆቿን ደርድራ፣ የስልኳን መብራት አብርታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለች ትቆጥራለች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም ትላለች።